ኪ ቀይሩልኝ ሲባል፦ የኮርድ ስሞችን የማዛወር ማስታወሻ

ቅዳሜ ማታ

ዛሬ ልምምድ ላይ ዘፋኛችን "ይቺ ዘፈን በጣም ወርዳብኛለች፣ ሁለት ግማሽ ቶን ከፍ አድርጉልኝ" አለች። (ግማሽ ቶን ኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ ወደ ጎረቤቱ ያለው እርምጃ ነው።) ኪቦርዲስቱ ትራንስፖዝ የምትለዋን ቁልፍ ሁለቴ ተጫነና ተዘጋጀ። ጊታሪስቱ ካፖውን (የጊታር ክሮችን አንድ ላይ የሚጫነውን መቆንጠጫ) ሁለት ፍሬት ገፋ። ትራምፔትና አልቶ ሳክስፎን የያዙት ሁለቱ ግን ወረቀታቸው ላይ እንዳፈጠጡ ቀሩ። የእነሱ መሣሪያ እንዲህ ያለ ቁልፍም ካፖም የለውም። ያላቸው ወረቀት ነው። ወረቀቱ ደግሞ በድሮው ኪ (ዘፈኑ በተመሠረተበት ድምፅ) ነው።

"ለሚቀጥለው ቅዳሜ ሁሉንም አስተካክዬ አመጣለሁ" አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። አፌ ነው።

ያለኝ ይሄ ነው፦ በአንድ ፎልደር 64 ዘፈን። ግማሽ ያህሉ በሚውዝስኮር (ኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ነው) የተጻፈ ኖታ ነው። የቀረው አብዛኛው ከየሰዉ የተሰበሰበ፣ ፕሮግራሞች ኖታ የሚለዋወጡበት የሚውዚክ ኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ጥቂቱ ደግሞ ኖታ የለውም፤ ግጥምና ከግጥሙ በላይ የተቀመጡ ኮርዶች (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስም) ብቻ ናቸው። ፋይሎቹ ውስጥ ኮርዶቹ በላቲን ፊደል ናቸው። እዚህ ግን ስንጠራቸው እንደምንላቸው እጽፋቸዋለሁ።

እያንዳንዱን ዘፈን በሚውዝስኮር ከፍቼ በእጄ ማዛወር እችላለሁ። ግን ለእያንዳንዱ አራት ወረቀት ያስፈልጋል፦ እንደሚሰማው፣ ለትራምፔት፣ ለአልቶ፣ ለካፖ ጊታር። ሦስቱ የሚያነቡት ስም ከሚሰማው ድምፅ ስም ይለያል። 256 ጊዜ መክፈትና መዝጋት ማለት ነው። ስለዚህ በፓይተን ቋንቋ ትንሽ ፕሮግራም (ስክሪፕት) ልጽፍ ቆረጥኩ።

ቀላሉን ላስቀድም ብዬ በግጥሞቹ ጀመርኩ። "ፈልግና ተካ" ብቻ፦ ሲን በዲ፣ ዲን በኢ፣ ኢን በኤፍ ሻርፕ፣ ኤፍን በጂ እያልኩ እስከ ቢ። ሮጠ። ከፈትኩት። ዘፈኑ በሙሉ ሲ ሻርፕ ሆኗል። ሲ፣ ዲና ኢ የነበሩት ደግሞ ሁለት ሻርፕ ደርበዋል!

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሁለት ደቂቃ ወሰደብኝ። የመጀመሪያው ተካ ሲን ዲ አደረገው። ሁለተኛው ተካ የድሮውን ዲ ከአዲሱ ዲ አይለይም፤ ሁሉንም ኢ አደረጋቸው። ሦስተኛው እንደዚያው። ሁሉም እየተገፋ ሄዶ መጨረሻው ላይ ተከመረ።

አስተካከልኩት፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ እንዲነካ አደረግኩ። አሁን ኮርዶቹ ልክ ናቸው። ችግሩ ኮርድ ያልሆኑትም መዛወራቸው ነው። "ኮርድ የለም" ለማለት የሚጻፈው ኤን ነጥብ ሲ ነጥብ፣ ኤን ነጥብ ዲ ነጥብ ሆኗል። በላቲን በሲ የሚጀምረው "ኮዳ" (የዘፈን መዝጊያ ምልክት) "ዶዳ" ሆኗል። ብቻዬን ሳቅኩና ኮምፒውተሩን ዘጋሁ።

እሁድ

ዛሬ እንደ ሰው አሰብኩ። ኮርድ ፊደል አይደለም፣ ድምፅ ነው። ድምፅ ደግሞ ቁጥር አለው። ሲ 0፣ ዲ 2፣ ኢ 4፣ ኤፍ 5፣ ጂ 7፣ ኤ 9፣ ቢ 11። ሻርፕ አንድ ይጨምራል፣ ፍላት አንድ ይቀንሳል። ሁለት ግማሽ ቶን ከፍ ለማድረግ 2 ደምር፤ 12 ከደረሰ ወይም ካለፈ 12 ቀንስ። ከዚያ ቁጥሩን ወደ ስም መልስ። አሥር መስመር ኮድ ነው። በምሳ ሰዓት ጨርሼ ራሴን እያደነቅኩ ነበር።

የቅዳሜዋን ዘፈን ሰጠሁት። ኪዋ ኢ ፍላት ነው። ኮርዶቿ ኢ ፍላት፣ ኤ ፍላት፣ ቢ ፍላት ሰቨን እና ሲ ማይነር ናቸው። ወደ ኤፍ ከፍ ስትል የወጣው፦ ኤፍ፣ ኤ ሻርፕ፣ ሲ ሰቨን፣ ዲ ማይነር።

ለኪቦርዲስቱ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። መልሱ ወዲያው መጣ፦ "ወንድሜ፣ ይሄ ኤ ሻርፕ ከየት መጣ?"

"ቢ ፍላት በለው፣ ያው ነው" አልኩት።

"ያው ከሆነ አንተ ቢ ፍላት ብለህ ጻፈዋ!"

ልክ ነው። ጣት ላይ ያው ነው፣ ዓይን ላይ ግን አይደለም። የኤፍ ኪ መስመሩ ላይ አንድ ፍላት አለው፤ እሱም ቢ ላይ ነው። ዜማው እዚያ ቦታ ላይ ቢ ፍላትን ይዞ ተጽፏል። ከበላዩ ያለው ኮርድ ደግሞ ኤ ሻርፕ ይላል። አንባቢው በአንድ ጊዜ ሁለት ቋንቋ እንዲያነብ ማስገደድ ነው። ልምድ ያለው ተጫዋች ኤፍ ኪ ላይ አራተኛው ኮርድ በቢ እንደሚጠራ ሳያስብ ያውቀዋል። ኤ ሲያይ ይደናቀፋል።

መቼም ሰነፍ መፍትሔ አያጣም። ሠንጠረዡን በሙሉ ፍላት አደረግኩት። ቢ ፍላት ተስተካከለ። ቀጣዩ ዘፈን ግን ኢ ላይ ነበር። ሲ ሻርፕ ማይነር መሆን የነበረበት ዲ ፍላት ማይነር ሆኖ ወጣ። ከድጡ ወደ ማጡ።

ችግሩ ሠንጠረዡ አይደለም። 12 ቁጥር ውስጥ ሲከተት ስሙ ይጠፋል። ኤ ሻርፕና ቢ ፍላት ሁለቱም 10 ናቸው። አንዴ 10 ካልኩ በኋላ ማን እንደነበሩ ማወቂያ የለኝም። የጣልኩትን ነገር መልሼ ልፈልገው እየሞከርኩ ነው።

ሰኞ

ሥራ ቦታ ቀኑን ሙሉ ይሄ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ሲዞር ዋለ። ማታ ሌሎች ሶፍትዌሮች እንዴት እንደሚያደርጉት አየሁ።

ሊሊፖንድ የሚባለው ኖታ መጻፊያ ዓይኔን ገለጠልኝ። አዛውር ስትለው "ስንት ግማሽ ቶን?" አይልህም። ከየትኛው ኖታ ወደ የትኛው ኖታ እንደሆነ በስም ትነግረዋለህ። ከሲ ወደ ሲ ሻርፕ ብትለውና ከሲ ወደ ዲ ፍላት ብትለው ድምፁ አንድ ነው፤ የሚጽፈው ግን ይለያል። ጥያቄውን ሲጠይቅ ራሱ ስሙን አልጣለውም ማለት ነው።

ሚውዝስኮር ደግሞ በውስጡ ለእያንዳንዱ የኖታ ስም ሁለተኛ ቁጥር ይይዛል። በዚያ አቆጣጠር ሲ 14 ነው፣ ጂ 15፣ ዲ 16፤ ኤፍ ደግሞ 13። መጀመሪያ ሳየው ቅደም ተከተሉ እብደት መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። በአምስተኛ ነው የሚቆጥረው፤ ማለትም ከሲ እስከ ጂ እንዳለው ሰባት ግማሽ ቶን እየዘለለ።

እኔ ሲን 0 አድርጌ ጻፍኩት። ወደ ቀኝ በአምስተኛ እየዘለልክ ስትሄድ ጂ 1፣ ዲ 2፣ ኤ 3፣ ኢ 4፣ ቢ 5፣ ኤፍ ሻርፕ 6፣ ሲ ሻርፕ 7። ወደ ግራ ኤፍ -1፣ ቢ ፍላት -2፣ ኢ ፍላት -3፣ ኤ ፍላት -4፣ ዲ ፍላት -5፣ ጂ ፍላት -6። ክብ አይደለም፣ ቀጥ ያለ ገመድ ነው። ኤ ሻርፕ 10 ላይ ነው፣ ቢ ፍላት -2 ላይ። በመካከላቸው 12 እርምጃ አለ። አይምታቱም።

ይሄ ገመድ ሦስት ነገር በነፃ ይሰጣል። 7 ብትደምር ያው ፊደል ሻርፕ ያገኛል፤ 7 ብትቀንስ ፍላት ይሆናል። 12 ብትደምር ወይም ብትቀንስ ድምፁ ሳይለወጥ ስሙ ብቻ ይለወጣል። ድምፁን ከፈለግክ ደግሞ ቁጥሩን በ7 አባዝተህ ለ12 አካፍለው፣ ቀሪውን ውሰድ። ዲ 2 ነው፤ 14 ለ12 ሲካፈል ቀሪው 2። ሁለት ግማሽ ቶን ከሲ በላይ። ልክ።

ከሁሉም ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነው። የሜጀር ኪ ቁጥሩ የሻርፖቹ ወይም የፍላቶቹ ብዛት ነው። ዲ 2፦ ሁለት ሻርፕ። ኢ ፍላት -3፦ ሦስት ፍላት። ሚውዚክ ኤክስኤምኤልም ኪን የሚመዘግበው በዚሁ ቁጥር ነው፤ የመስኩ ስም ራሱ "አምስተኛዎች" ይባላል። ፋይሉ ገመዱን ተሸክሞት ኖሯል። እኔ ነኝ ያላየሁት።

ማዛወር አሁን ድምር ነው። የቅዳሜዋን ዘፈን ሁለት ግማሽ ቶን ከፍ ማድረግ በገመዱ ላይ 2 መደመር ነው። ኢ ፍላት -3 ወደ -1፦ ኤፍ። ኤ ፍላት -4 ወደ -2፦ ቢ ፍላት። ቢ ፍላት -2 ወደ 0፦ ሲ። ሲ 0 ወደ 2፦ ዲ። ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ እርምጃ ተነሥቶ ሄደ፤ ማንም ከዝምድናው አልወጣም። ሠንጠረዥ አያስፈልግም።

አንድ ግማሽ ቶን ሲሆን ግን ምርጫ አለው፦ ወይ 7 መደመር፣ ወይ 5 መቀነስ። ሲ ላይ ያለ ዘፈን በ7 ቢሄድ ሲ ሻርፕ ይሆናል፣ ሰባት ሻርፕ። በ5 ቢቀነስ ዲ ፍላት፣ አምስት ፍላት። ሁለተኛውን ውሰድ። ኢ ፍላት ላይ ያለ ዘፈን ተቃራኒው ነው፤ 7 ሲደመር ኢ ይሆናል፣ አራት ሻርፕ ብቻ። ስለዚህ ሁለቱንም ሞክር፣ መድረሻው ለዜሮ የቀረበውን ያዝ። ዋናው ነገር ይሄ ውሳኔ ለዘፈኑ አንድ ጊዜ መወሰኑ ነው። ለእያንዳንዱ ኮርድ ለየብቻ ከተወሰነ የእሁዱ ችግር ይመለሳል።

ኤፍ ብቻ አስቸገረኝ። በግማሽ ቶን ከፍ ሲል ወይ 6 ወይ -6 ይሆናል። እኩል። ጊታሪስት ኤፍ ሻርፕን ይመርጣል፣ ነፊዎች ፍላት ይቀናቸዋል። ወረቀት የሚያነቡት ነፊዎቹ ስለሆኑ ጂ ፍላት ብዬ ፈረድኩ። ይሄ ፍርድ በኋላ ዋጋ አስከፈለኝ።

ማክሰኞ

አጭር ቀን፣ ረጅም ንዴት።

ስክሪፕቱን ፎልደሩ ላይ ለቀቅኩት። 11 ፋይል ውስጥ ኖታው ተዛውሮ ኮርዶቹ እንደነበሩ ቀሩ። አንዱን ከፍቼ ኮርዱን ስነካው ኮርድ አይደለም። ተራ ጽሑፍ ነው። የጻፈው ሰው "ፎርቴ" ወይም "ቀስ በል" እንደሚጻፈው አድርጎ ከመስመሩ በላይ አስቀምጦታል። ለዓይን ፍጹም ኮርድ ይመስላል። ለፕሮግራሙ ግን ከርዕሱ የተለየ ትርጉም የለውም።

ሚውዝስኮር ላይ ኖታውን መርጦ ኮንትሮል ኬ ሲጫኑ ነው እውነተኛ ኮርድ የሚገባው። በስፔስ ወደሚቀጥለው እየተሻገሩ መጻፍ ነው። ኤክስኤምኤሉ ውስጥም ሁለቱ የሚቀመጡበት ቦታ የተለያየ ነው፤ ኮርድ "ሃርመኒ" በሚባል ሳጥን ውስጥ ሩቱ (ኮርዱ የተሰየመበት ድምፅ)፣ ዓይነቱና ቤዙ (ከታች የሚመታው ድምፅ) ተለያይተው ይቀመጣሉ። ጽሑፉ ግን ከአቅጣጫ ምልክቶች ጋር እንደ ቃል ይገባል።

ስለዚህ ስክሪፕቱ እነዚያን ቃላት እያነበበ ኮርድ የሚመስለውን ወደ ትክክለኛው ሳጥን እንዲያዛውር ማድረግ አለብኝ። "የሚመስለውን" የምትለዋ ቃል ነገ ታስለቅሰኛለች።

ሌላ አንድ ነገር። አንድ ፋይል ውስጥ ሩቱን ከሲ ወደ ዲ ቀይሬው ስከፍተው አሁንም ሲ ያሳያል። አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ለካ ሚውዚክ ኤክስኤምኤል ሩቱ ላይ "በዓይን እንዲህ አሳየው" የሚል ተጨማሪ ጽሑፍ መለጠፍ ይፈቅዳል። ውስጡ ዲ ነው፣ ልጥፉ ሲ ይላል። ልጥፉን አነሳሁት። የኮርድ ዓይነቱ ላይም እንዲሁ ዓይነት ልጥፍ አለ፤ እሱን ግን ተውኩት። ሜጀር ሰቨንን በሦስት ማዕዘን ይጻፍ በፊደል የጻፊው ምርጫ ነው፣ ስንዛወር አይለወጥም።

ረቡዕ

ዛሬ ማንበብ ብቻ። ማለትም ስክሪፕቱን ኮርድ ማንበብ ማስተማር።

መጀመሪያ አንድ መርሕ ጻፍኩና ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩት፦ በኮርድ ስም ውስጥ የሚዛወሩት ሁለት ቦታዎች ብቻ ናቸው፣ ሩቱና ከእዝባሩ በኋላ ያለው ቤዝ። ሌላው ሁሉ ከሩቱ ተነሥቶ የሚቆጠር ነው። ሲ ሰቨን ፍላት ናይን ወደ ዲ ሲሄድ ዲ ሰቨን ፍላት ናይን ነው። ዘጠነኛዋ አብራ ትሄዳለች፣ ስሟ አይነካም።

መርሑ ጥሩ ነው። እዝባር ግን አታላይ ነው። ሲ በኢ ቤዝ በእዝባር ይጻፋል። ሲ ሲክስ ናይንም በእዝባር ይጻፋል፣ በ6 እና በ9 መካከል። የእኔ ስክሪፕት "9 የሚባል ቤዝ አላውቅም" ብሎ ቆመ። ቢያንስ ቆሟል፤ ዝም ብሎ ቢያልፍ ይብስ ነበር። ከእዝባር በኋላ ፊደል ካለ ቤዝ፣ ቁጥር ካለ የኮርዱ አካል ብዬ ለየሁት።

ቀጥሎ ትንሿ ቢ። ፍላት በኪቦርድ ሲጻፍ በትንሿ ቢ ነው። ኤ፣ ትንሽ ቢ፣ 5 ተብሎ የተጻፈ ኮርድ ምንድን ነው? ኤ ፍላት ፓወር ኮርድ (ሩቱና አምስተኛው ብቻ ያሉበት)፣ ወይስ ኤ ሆኖ አምስተኛው ፍላት የሆነ? ሁለቱም አንድ ዓይነት ሆነው ይጻፋሉ። አብዛኛው ፕሮግራም ፍላቱን ለሩቱ ይሰጣል። እኔም እንደዚያው አደረግኩ። ግን ቅንፍ የተፈጠረው ለዚህ ነበር! አምስተኛውን ፍላት ማድረግ የፈለገ ሰው ቅንፍ ውስጥ ቢያስገባው እኔ እስከ እኩለ ሌሊት አልቆይም ነበር።

ማይነር ደግሞ አንዱ በትንሿ ኤም፣ አንዱ በሦስት ፊደል፣ አንዱ በሰረዝ ይጽፈዋል። ሰረዙም ሁለት ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ አንዱ ከኪቦርድ የሚወጣው፣ ሌላው የሒሳብ መቀነሻ። በዓይን አይለዩም። ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሻርፕም እንዲሁ፤ እውነተኛው የሙዚቃ ምልክትና የቁጥር ምልክቱ አንድ አይደሉም። ከማንበብ በፊት ሁሉንም ወደ አንድ ዓይነት የሚያመጣ ማጽጃ ጨመርኩ።

"ዳ ካፖ" ("ከመጀመሪያው ድገም") የሚለው ቃል አሁንም በዲ የሚጀምር ኮርድ መስሎት ነበር። አሁን ደንቡ ይሄ ነው፦ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው የተረዳሁት ከሆነ ኮርድ ነው። አንዲት ፊደል እንኳ ካልገባችኝ አልነካም፣ ዝርዝር ውስጥ አስገባለሁ። ዝርዝሩ 23 መስመር ሆነ። በእጄ አየኋቸው።

ሐሙስ

ኤች የሚባል ኮርድ ተገኘ።

አራት ፋይሎች ከጀርመን አጻጻፍ የመጡ ናቸው። በዚያ አጠራር ኤች ማለት እኛ ቢ የምንለው ነው። ቢ ደግሞ የእኛ ቢ ፍላት ነው። ኤች ማየት መልካም ዜና ነው፤ ፋይሉ ማንነቱን ተናዘዘ ማለት ነው። በዚያ ፋይል ውስጥ ያለ ቢ ሁሉ -2 ነው፣ 5 አይደለም። አስፈሪው ከዚያው አጻጻፍ የመጣ፣ ግን ኤች የሌለበት ፋይል ነው።

ሌላ ወጥመድ። በዚያ አጻጻፍ ኢ ፍላት በኢ እና በኤስ ፊደል ይጻፋል። ጥሩ ነው፣ አስገባሁት። ወዲያው ኢ ሰስ ፎር (ሰስ በኤስ፣ ዩ፣ ኤስ ፊደል የሚጻፍ የኮርድ ዓይነት ነው) የነበረው ሁሉ ኢ ፍላት "ዩ ኤስ ፎር" ሆነ። ኤስ የምትለዋ ፊደል ከሰስ ተነጥቃ ለፍላት ተሰጠች። ኤ ሰስም እንዲሁ ሆነ። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ሰስ መሆኑን ጠይቅ፣ ካልሆነ ብቻ ፍላት ነው በል።

ሁሉንም ወደ አንዱ አጠራር አመጣሁና ካነበብኩ በኋላ በገመዱ ቁጥር ብቻ አስቀመጥኩ። የህትመት ጊዜ የፈለገ በጀርመንኛው፣ የፈለገ በዶ ሬ ሚ ያውጣው። ሚውዝስኮርም የኮርድ አጻጻፍ ስልቱን ከቅንብር ገጹ ያስመርጣል።

ኤች የሌለበትን አንድ አጠራጣሪ ፋይል ግን መወሰን አቃተኝ። ኪው ሲ ነው። አንድ ቦታ ላይ ቢ ይላል፣ ቀጥሎ ሲ። ዜማው እዚያ ባር ላይ ዝም ይላል። ቢም ይሆናል፣ ቢ ፍላትም ይሆናል። ለላከልን ሰው መልእክት ጻፍኩለት።

ዓርብ ማታ

ለነገ እያተምኩ ነው። ዛሬ የጂ ፍላቷ ፍርዴ መጣችብኝ።

ኤፍ ላይ ያለች አንድ ዘፈን በግማሽ ቶን ከፍ እንድትል ተፈልጋለች። ስክሪፕቱ በደንቤ መሠረት 5 ቀነሰና ጂ ፍላት ላይ አስቀመጣት። መካከሏ ላይ የተዋሰችው አንድ ኮርድ አለ፦ ዲ ፍላት በኤፍ ቤዝ። ዲ ፍላት -5 ነው፤ 5 ሲቀነስ -10። ገመዱ ላይ -10 ምንድን ነው? ኢ ደብል ፍላት። ቤዙ ኤፍ -1 ነበር፤ -6 ሆነ፣ ጂ ፍላት። ወረቀቱ ላይ "ኢ ደብል ፍላት በጂ ፍላት ቤዝ" ተብሎ ወጣ።

በቲዎሪ እንከን የለውም። መድረክ ላይ ይህን የሚያነብልኝ ነፊ ግን ወረቀቱን ይወረውርብኛል።

ስለዚህ ወሰን አበጀሁ። ሩቱ ከሲ ፍላት ግራ ወይም ከኤ ሻርፕ ቀኝ ካለፈ 12 ደምር ወይም ቀንስ። -10 ሲደመር 12 ሁለት ነው፦ ዲ። ደስ አለኝና አተምኩት። "ዲ በጂ ፍላት ቤዝ" ይላል።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆሜ አየሁት። ድምፁ ልክ ነው። ግን የዲ ኮርድ ሦስተኛው ኤፍ ሻርፕ ነው እንጂ ጂ ፍላት አይደለም። ሩቱን ቤት ቀይሬ ቤዙን ድሮ ቤት ትቼዋለሁ። ሁለቱ ተያይዘው ነው መሄድ ያለባቸው። ሩቱ 12 ካገኘ ቤዙም ያንኑ 12 ያገኛል፦ -6 ሲደመር 12፣ ስድስት፣ ኤፍ ሻርፕ። "ዲ በኤፍ ሻርፕ ቤዝ።" ማንም የሚያውቀው፣ እጅ ሳያስብ የሚይዘው ኮርድ።

ከዚህ አንድ ማጣሪያ ተወለደ። በሩቱና በቤዙ መካከል ያለው ርቀት ከመዛወሩ በፊትና በኋላ እኩል መሆን አለበት። ዲ ፍላትና ኤፍ፦ ከ-5 እስከ -1፣ አራት። ዲና ኤፍ ሻርፕ፦ ከ2 እስከ 6፣ አራት። ዲና ጂ ፍላት ግን -8 ይሆናል፤ ማጣሪያው ይጮኻል። ፎልደሩ ላይ ስለቀው ስድስት ቦታ ጮኸ። ስድስቱም የእኔ ስህተት ነበሩ።

ኤፍ ሻርፕ ኪ ላይ ሰባተኛው ኮርድ ኢ ሻርፕ ዲሚኒሽድ ነው። የእኔ ወሰን ኤፍ ዲሚኒሽድ ያደርገዋል። የሙዚቃ መምህር ቢያየው ያርመኛል። ያርመኝ፤ አልቀይረውም።

ቅዳሜ

ልምምድ። ወረቀቶቹን አደልኩ።

አራተኛው ዘፈን ላይ ሳክስፎኑ ለብቻው ሌላ ዓለም ውስጥ ገባ። ሁላችንም ኤፍ ላይ ነን። አልቶ ሲ ሲነፋ የሚሰማው ኢ ፍላት ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ዲ መጻፍ አለበት፤ በገመዱ 3 መደመር ነው። የእሱ ወረቀት ግን ቢ ይላል። ስክሪፕቱን ረገምኩት። ስክሪፕቱ ግን ንጹሕ ነው። ኦሪጅናሉ ፋይል ውስጥ ኮርዱን ያስገባው ሰው ለሳክስፎኑ አስቦ ዲ ብሎ ጽፎታል፤ ፕሮግራሙ ግን በዚያን ጊዜ "ኮንሰርት ፒች" ላይ፣ ማለትም እንደሚሰማው ማሳያ ላይ ነበር። ስለዚህ ዲውን እንደ እውነተኛ ድምፅ ወሰደው። በላዩ ላይ ሌላ 3 ተደመረበት። ሁለቴ የተዛወረ ኮርድ ነው።

ወዲያው አንድ ማጣሪያ ታየኝ፦ በአንድ ባር ላይ የሁሉም መሣሪያ ኮርድ ወደሚሰማው ሲመለስ አንድ መሆን አለበት። ሳክስፎኑ ከኪቦርዱ ካልተስማማ አንዱ ዋሽቷል። ማታ እጽፈዋለሁ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ ሆነ። ጊታሪስቱ ወረቀቱን ረስቶ ከሳክስፎኒስቱ ጎን ቁጭ አለ። ካፖውን ሦስተኛው ፍሬት ላይ አድርጎ ዘፈኑን እስከ መጨረሻ ተጫወተ። ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ነው ያስተዋልነው፤ ሲያነብ የነበረው የአልቶውን ወረቀት ነው! ካፖ ሦስት ላይ ያለ ጊታር ዲ ሲይዝ የሚሰማው ኤፍ ነው። አልቶም ዲ ሲያነብ የሚሰማው ኤፍ። ኦክታቩ ቢለያይም በኮርድ ስም ደረጃ ሁለቱም ያው 3 መደመር ናቸው። በየዘፈኑ አንድ ወረቀት ተረፈልኝ። 64 ወረቀት ማለት ነው። እኔ ስክሪፕት ስጽፍ ያላየሁትን እሱ በመርሳት አገኘው።

ለትራምፔቱ ግን እንዲህ ያለ ዘመድ አልተገኘም። የእሱ 2 መደመር ነው፤ ካፖ አሥረኛው ፍሬት ላይ የሚያደርግ ጊታሪስት ካለ ይቅረብ።

እሁድ

የስምምነት ማጣሪያው ተጻፈ። ሁለቴ የተዛወሩ ሌሎች ሦስት ፋይሎችን ያዘ። አስተካከልኳቸው።

ሌላ ፈተናም ሰጠሁት። እያንዳንዱን ዘፈን በአንድ ግማሽ ቶን 12 ጊዜ አስኬድኩትና ወደ መጀመሪያው ኪ ስመለስ ኮርዶቹ ድሮ በነበራቸው ስም መመለሳቸውን አየሁ። 61 ተመለሱ። ሁለቱ ላይ መንገድ ላይ ወሰኑን ያለፈ ኮርድ ስም ቀይሮ በአዲሱ ስሙ ቀርቷል። ድምፁ ልክ ነው፣ ስሙ ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተመለሰ። ስለዚህ አሁን ሁልጊዜ የማዛውረው ከመጀመሪያው ፋይል ነው እንጂ ከተዛወረው ላይ አይደለም። የተዛወረ ወረቀት ላይ ሌላ ማዛወር መደረብ ክልክል።

64ኛዋ የሐሙሷ አጠራጣሪ ፋይል ነች። ማታ መልስ መጣ። "የቱ ቢ?" ይላል ሰውየው። "እኔ እዚያ ጋ ሁልጊዜ ቢ ፍላት ነው የምጫወተው።"

ፋይሉን ከፍቼ 5ን ወደ -2 ቀየርኩ።